ላብ የነካው ማልያ ሀብት ይሆናል?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ እግሩ ላይ ጫማ አልነበረም። የቀረቡለት ጫማዎች ስላልተመቹት ባዶ እግሩን ሮጠ። በዚህ የተነሳ በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ከሁሉ የላቀ ዋጋ ሊጠራለት ይችል የነበረው ዕቃ ከነጭራሹ የለም። ቢኖር ምን ያህል ያወጣ እንደነበር ለመገመት ግን መነሻ አለ። እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠበት ጫማ እ.ኤ.አ. በ2015 በለንደኑ የክሪስቲስ ጨረታ በ266,500 ፓውንድ ተሽጧል። ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1896 የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ማራቶን አሸንፎ የተሸለመው የብር ዋንጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያው ጨረታ ቤት 541,250 ፓውንድ አውጥቷል። ሁለቱም ዕቃዎች የሩጫ ናቸው፤ ሩጫ ደግሞ የኛ ነው።

እንዲህ ያለው ዜና ከእግር ኳሱና ከአሜሪካ ስፖርቶች ሲመጣ ቁጥሩ ይበልጥ ያስደነግጣል። ዲዬጎ ማራዶና እ.ኤ.አ. በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ላይ ሁለቱን ጎሎች ያገባበት ማልያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። የቤዝቦል ተጫዋቹ ቤብ ሩት እ.ኤ.አ. በ1932 ለብሶታል የተባለው ማልያ እ.ኤ.አ. በ2024 በ24.12 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ ከዚያ በፊት ለስፖርት ዕቃ የተከፈለውን ዋጋ ሁሉ በለጠ። ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ በተዘረጋው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቀን ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ማልያ ያልለበሰ ወጣት መፈለግ ይቀላል። ማልያ ለሚወድና ትንሽ ገንዘብ ለቋጠረ ሰው እንግዲህ ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ማልያ፣ ፊርማ ወይም ሜዳሊያ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል? የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው። በዚህ ገበያ ገንዘብ የሚከፈለው ዕቃውን ከታሪኩ ጋር ለሚያስረው ማስረጃ ነው። እኛ ጋ ታሪኩ ሞልቶ ተርፏል፣ ማስረጃው ግን ሳስቷል። ስለዚህ ለተራ ቆጣቢ መግዛቱ አያዋጣም፤ ዕቃው በእጁ ላለ ሯጭ፣ ቤተሰብና ክለብ ግን ማስረጃውን ዛሬ ማደራጀት እጅግ ርካሹና ዋነኛው ኢንቨስትመንት ነው።

ዋጋው ከምን እንደሚመጣ ለማየት ከሜዳሊያ መጀመር ይቀላል። ታምራት ቶላ በፓሪስ 2024 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፎ አንገቱ ላይ ያጠለቀው የወርቅ ሜዳሊያ 529 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ወርቁ 6 ግራም ብቻ ነው፤ 18 ግራሙ ከኤፍል ማማ የተወሰደ ብረት ሲሆን የቀረው ብር ነው። ድፍን የወርቅ ሜዳሊያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ነበር። የፓሪሱ ሜዳሊያ ፒያሳ ወርቅ ቤት ተወስዶ በግራም ቢመዘን፣ በውድድሩ ሰሞን በነበረው የዓለም ዋጋ 1,000 ዶላር ገደማ እንኳን ለመሙላት ይቸግረው ነበር። በሌላ በኩል ጥቁር አሜሪካዊው ጄሲ ኦውንስ እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ውስጥ ሂትለር ፊት ካገኛቸው አራት የወርቅ ሜዳሊያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ገደል ወርቅ አንጣሪ ሊያስረዳው አይችልም። ገዢው የከፈለው በርሊን ላይ ለሆነው ነገር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ለማውጣት የደፈረው ደግሞ ሜዳሊያው ከኦውንስ እጅ እስከ ጨረታው ጠረጴዛ የመጣበት መንገድ ስለሚታወቅ ነው፤ ኦውንስ ለወዳጁ ለዳንሰኛው ቢል ሮቢንሰን ሰጠው፣ ከሮቢንሰን ወደ ሚስቱ አለፈ፣ ለሽያጭ የቀረበውም ከእሷ ውርስ ነው።

የማራዶና ማልያ ታሪክ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ጨዋታው እንዳበቃ ማልያውን የተለዋወጠው እንግሊዛዊው አማካይ ስቲቭ ሆጅ ነበር። ሆጅ ማልያውን ጠብቆ አቆየው፤ ለሃያ ዓመት ገደማም በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም በውሰት ለእይታ ቀርቦ ነበር። ለጨረታ ሲወጣ ግን የማራዶና ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ ማራዶና በዕረፍት ሰዓት ማልያ ቀይሯል፣ ሆጅ እጅ የገባው ጎል ያልተቆጠረበት የመጀመሪያው አጋማሽ ማልያ ነው አሉ። ልብ እንበል፤ ሁለቱም ማልያዎች የማራዶና ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ላብ ነክቷቸዋል። በመካከላቸው ያለው የ45 ደቂቃ ልዩነት ግን ሚሊዮኖችን የሚያመጣ ወይም የሚያስቀር ነበር። አጫራቹ ሶዝቢስ ክርክሩን የፈታው የማልያውን አርማ፣ የቁጥሩንና የመስመሩን ጥቃቅን ምልክቶች በሁለተኛው አጋማሽ ከተነሱ ፎቶግራፎች ጋር አንድ በአንድ በባለሙያ በማመሳከር ነው። ማልያው ሚሊዮኖችን ያወጣው ይህ ጥያቄ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ማስረጃ ይህን ያህል የሚከብደው ሐሰተኛው ስለበዛ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኦፕሬሽን ቡልፔን በተባለው ዘመቻው የታዋቂ ስፖርተኞችን ፊርማ እያስመሰሉ የሚፈርሙና የሚያከፋፍሉ ሰንሰለቶችን ሲበጣጥስ፣ ገዢዎች በየቤታቸው በመስታወት አስገብተው የሰቀሉት ኳስና ፎቶ ምን ያህሉ የውሸት እንደሆነ ገባቸው። ታላቁ የቤዝቦል ሊግ እ.ኤ.አ. በ2001 በየስታዲየሙ ታዛቢ ተመድቦ ዕቃው ከሜዳ ሲወጣ ወዲያውኑ ቁጥር ያለው መለያ የሚለጠፍበትን አሠራር የጀመረው ከዚህ ትምህርት ወስዶ ነው። ታዋቂ መሆን፣ በትልቅ አጫራች እጅ ማለፍም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። በዓለም እጅግ ዝነኛ የሆነችው የሆነስ ዋግነር የቤዝቦል ካርድ ሲነገርላት የኖረው ጠርዟ ፍጹም ያልተነካ መሆኑ ነበር። ቢል ማስትሮ የተባለው የዘርፉ ስመ ጥር ነጋዴና አጫራች የካርዷን ጠርዝ በመቁረጫ አስተካክሎ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ፤ በጨረታዎቹ ላይ በፈጸመው ማጭበርበርም የ20 ወር እስራት ተፈረደበት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሳሪስና በጀሞ መንገድ ዳር፣ በመርካቶም ሆነ በስታዲየም ዙሪያ የሚሸጠው ማልያ አብዛኛው ኮፒ ነው፤ ሻጩም ገዢውም ያውቁታል፣ ዋጋውም ይህንኑ ይናገራል። በዚህ ማንም አልተታለለም፤ ማልያው የተገዛው ሊለበስ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ኦሪጅናል የሆነውን ማልያ እንደ ሀብት መቁጠር ሲመጣ ነው። ከክለቡ ሱቅ በደረሰኝ የተገዛ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ማልያ ኦሪጅናል ቢሆንም ፋብሪካ በብዛት ካመረታቸው አንዱ ነው። ክለቡ በየዓመቱ አዲስ ስለሚያወጣ የአምናው በቅናሽ ይሸጣል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ተጫዋቹ ራሱ በዚያ ጨዋታ የለበሰውን ነው። የሀገር ውስጡም ነገር ከዚህ አይለይም። ለበርካታ ክለቦቻችን ማልያ የሚያመርተው ጎፈሬ ያዘጋጀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የኢትዮጵያ ቡና የደጋፊ ማልያ ለክለቡ ገቢ፣ ለደጋፊው ኩራት ነው፤ ዋጋው ግን ለዓመታት ተቀምጦ እንዲያድግ የሚያደርገው ምንም ምክንያት የለውም። በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ግብ ያስቆጠረው አጥቂ የለበሰው፣ ክለቡ በማኅተሙ ያረጋገጠውና ፎቶ ያለው ማልያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማረጋገጫ እየሰጠ የሚሸጥ ሥርዓት ግን ገና አልለመድንም።

የማስረጃው መሳሳት ትልልቆቹን ድሎች ሳይቀር ይነካል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ሀገሪቱ ያንን ድል እስከ ዛሬ አልደገመችውም፤ ከዚያ ቀን የተረፈ እያንዳንዱ ዕቃ ብርቅ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዋንጫው ራሱ ጋና ሦስተኛ ድሏን እ.ኤ.አ. በ1978 ስታገኝ ለዘለቄታው የጋና ሆኗል። ከዚያ የጥር ቀን ሊተርፍ የሚችለው እንግዲህ ማልያ፣ የመግቢያ ትኬት፣ የፕሮግራም ወረቀት፣ ፎቶግራፍና ለውድድሩ የታተመው ቴምብር ነው። አንድ ሰው ዛሬ ተነስቶ ያረጀ ማልያ ይዞ «ይህ በዚያ ፍጻሜ የተጫወተው የመንግሥቱ ወርቁ ነው» ቢል በምን እናምነዋለን? ጨርቁን ከዘመኑ ፎቶ ጋር ማመሳከር ይቻል ይሆናል፤ ያን ለማድረግ ግን ጥርት ያለ ፎቶ፣ የማልያው ቁጥርና ዕቃው በማን በማን እጅ እንዳለፈ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያስፈልጋል። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ዐርፈዋል። «አዎ፣ የኔ ነው» ብሎ ሊመሰክር የሚችለው ሰው ሲያልፍ ከማስረጃው ትልቁ ክፍል አብሮት ይቀበራል።

ብርቅነት ብቻውን ዋጋ አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። መልሱን ትዕግሥት አሰፋ ራሷ በሮጠችበት ጫማ እናገኘዋለን። ትዕግሥት እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2023 በርሊን ላይ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትሰብር የተጫማችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር፣ መጀመሪያ ለሽያጭ የቀረበው ደግሞ 521 ጥንድ ብቻ። ከድሉ በኋላ ጫማው በእጅ አዙር ገበያ ከመሸጫው ዋጋ በላይ ሲጠየቅበት ሰነበተ። ይሁንና በትዕግሥት እግር የሮጠውና ሌሎቹ አንድ አይደሉም። የሌሎቹ ብርቅነት በፋብሪካው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አምራቹ ቆየት ብሎ ጨምሮ ሲያመርት ብርቅነቱ ይሳሳል። በትዕግሥት እግር የሮጠው ጥንድ ግን አይባዛም። እሱም ቢሆን ከስጋት ነፃ አይደለም፤ ክብረ ወሰኗን ከአንድ ዓመት በኋላ ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ቺካጎ ላይ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሰበረችው። ቼፕንጌቲች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት የሦስት ዓመት ዕገዳ ተጣለባት። የስፖርት ዕቃ ዋጋ በሰው ስም ላይ ይቆማል፤ ያ ስም ነገ ከፍ ሊል፣ ሊደበዝዝ ወይም ሊጎድፍ ይችላል፤ ገዢው ግን በዚህ ላይ አንዳች ሥልጣን የለውም።

እስቲ ደግሞ ነገሩን በሂሳብ እንየው። ያቺ የዋግነር ካርድ እ.ኤ.አ. በ1991 በ451,000 ዶላር ተገዝታ ከብዙ እጅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ16 ዓመት ከስድስት እጥፍ በላይ አደገች ማለት ነው፤ በዓመት ሲሰላ ግን 12 በመቶ ገደማ ነው። ይህ በዓለም አንደኛ የምትባለዋ ካርድ ያስመዘገበችው ውጤት መሆኑን፣ ከዚያም ላይ የአጫራች ድርሻ፣ መድንና ማስቀመጫ እንደሚቀነስ ልብ ይሏል። ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች ከገዢው ብቻ በመዶሻው ዋጋ ላይ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራሉ፤ ዕቃው ዛሬ ተገዝቶ ነገ ቢሸጥ ገዢው በዚያው ልክ ከስሮ ይጀምራል። የወደቁትን ደግሞ ዜና አይከተላቸውም። ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ ያገኘ አንድ የቅርጫት ኳሰኛው የማይክል ጆርዳን የእ.ኤ.አ. 1986 ፍሌር ካርድ በኮሮና ጊዜ በነበረው ግርግር፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2021 በ738,000 ዶላር ተሽጦ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ሳይቆይ ያው ዓይነት ካርድ ወደ 200,000 ዶላር አካባቢ ወረደ። ካርዱ እውነተኛ ነበር፣ የጆርዳንም ዝና አልቀነሰም፤ ግን በዚያው ደረጃ ከ300 በላይ ካርዶች ነበሩ፤ የጎደለው በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ነው። ማልያም ሆነ ካርድ እንደ ቤት ኪራይ፣ እንደ አክሲዮን ትርፍ ክፍፍል አያስገኝም፤ ገንዘብ የሚገኘው ከኔ በላይ የሚከፍል ሌላ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ያ ሰው ካልመጣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ገባ። ብር ይዞ የተቀመጠ ሰው ማንኛውንም ዕቃ በገዛሁ ኖሮ ቢል አይፈረድበትም። ዕቃ ዋጋ የሚጠብቀው ግን በተፈለገ ጊዜ ገዢ የሚገኝለት ሲሆን ነው። ወርቅ በየወርቅ ቤቱ በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል፤ መኪናም ሆነ ቤት ደላላ አያጣም፤ ፊርማ ያለበት ማልያ ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በደረሰበት ሳምንት ለማን ይሸጣል? ለትንሽ ቆጣቢ የተከፈቱ ሌሎች በሮችም አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ ይኸውም 9,900 ብር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በዚያው ዓመት ጥር ሥራ ጀምሯል። ተጫዋች የሚለብሰው ዓይነት አንድ ኦሪጅናል ማልያ ውጭ ሀገር ከ100 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ የሁለቱ መነሻ ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም። አክሲዮንም ሊወድቅ ይችላል፤ ቢሆንም ሒሳቡ በኦዲተር ይመረመራል፣ ባለቤትነቱ ይመዘገባል፣ ትርፍ ሲኖር ይከፋፈላል። ማልያው ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የነጋዴ ተቃውሞ ነው፤ ገበያው ገና ስላልተፈጠረ እኮ ነው አሁን በርካሽ መግዛት የሚገባው ይላል። ባኒስተር በሮጠ ማግሥት ጫማውን የገዛ ሰው ቢኖር ያተርፍ አልነበረም? ያተርፍ ነበር፤ ግን ለ61 ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ከዚያ ዘመን የሩጫ ጫማዎች ሁሉ ደግሞ የባኒስተሩን አስቀድሞ መምረጥ ነበረበት። ጫማውን ለጨረታ ያቀረበው ባኒስተር ራሱ መሆኑም አይዘንጋ፤ የኔ ነው ብሎ ሲመሰክር የሚጠራጠር አልነበረም። ገበያ በሌለበት ቀድሞ የሚገባ ሰው አትራፊ የሚሆነው ገበያው ሲፈጠር ዕቃው ተቀባይነት ካገኘ ነው። ተቀባይነት የሚሰጠው ደግሞ በተገዛበት ቀን የተሰበሰበው ማስረጃ ነው። ያለ ማስረጃ ቀድሞ መግዛት ካርታ የሌለው ቦታ እንደመግዛት ነው፤ በላፍቶም በለቡም የዚህን መጨረሻ የሚያውቅ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ ገዢው ውጭ ነው ይላል፤ ዳያስፖራው ገንዘብም ፍቅርም አለው፣ የውጭ ጨረታ ቤቶችም አሉ። ትክክል ነው፤ እውነተኛው ገበያ በዚያ ነው። ነገር ግን በዚያ በር የሚያልፈው ዕቃ ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አንዱ ፈተና ከላይ ያየነው የማረጋገጫ ጥያቄ ሲሆን ሌላው የራሳችን ሕግ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የአንድ ኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሜዳሊያ ወይም የ1954ቱ ማልያ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ሻጩ ወይም ገዢው ሳይሆን ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሳይጠይቁ በሻንጣ ይዞ መሄድ ትርፍ ሊያመጣ ቀርቶ ዕቃውንም ሰውየውንም ሊያስጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ጭራሽ መሸጥ የለበትም የሚል ቅሬታ ይሰማል። የሀገር ኩራት በገንዘብ መተመኑ ቢከነክንም፣ ከተቸገረ ሻምፒዮን ወይም ከወራሾቹ ላይ ንብረታቸውን በነፃ ጠብቁልን ማለት ቀላል አይደለም። የግሪኩ ዋንጫ መልካም አብነት ይሆናል፤ ሻጩ የአሸናፊው የልጅ ልጅ ነበር፣ የገዛው የስታቭሮስ ኒያርኮስ ፋውንዴሽን ደግሞ ለሕዝብ እይታ አቀረበው። ቤተሰቡ ገንዘቡን፣ ሀገሩ ዋንጫውን አገኘ። እኛም የምንሻው እንዲህ ያለ ገዢ ነው፤ ባንኮቻችን፣ ትልልቅ ድርጅቶቻችንና ባለሀብት የሆኑት የቀድሞ ሯጮች ራሳቸው ይህን ቦታ ሊሞሉት ይችላሉ።

ማስረጃና ጊዜ ምን ያህል እንደሚያያዙ የሚያሳየው ግን የራሱ የአበበ ቢቂላ ስም ነው። ቪብራም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል የተባለ ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሸጠው። የአበበ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ታኮማ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዳኛው መዝገቡን ዘጋው፤ ቤተሰቡ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ2011 አውቆ ሳለ ክሱን ለማቅረብ አራት ዓመት ዘግይቷል የሚል ነበር ምክንያቱ። ያለ ጫማ የሮጠው ሰው ስሙ ራሱ ጫማ ላይ ዋጋ ማውጣቱ፣ የስፖርት ሀብት ከጨርቅና ከብረት በላይ መሆኑን በፍርድ ቤት ወረቀት አረጋገጠልን። ክሱም የወደቀው ታሪኩ ስለተካደ አይደለም፤ መብቱ በወቅቱ ስላልተያዘ ነው። አበበ ከዐረፈ ከጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስሙን በሕግ አስመዝግቦ የሚጠብቅለት ተቋም ቢኖር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ለሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሚወደውን ይግዛ፤ ዋጋው ዜሮ ቢሆን የማያስርበው ገንዘብ ይሁን፤ ከቁጠባው፣ ከእቁቡ ወይም ከብድር አይንካ። ከገዛም ደረሰኝ ይቀበል፣ ዕቃው ከማን ወደ ማን እንዳለፈ በጽሑፍ ይያዝ፣ ከጨዋታው ፎቶ ጋር ያመሳክር፤ ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን አግኝቷል። ፊርማ ሲፈረም በዓይኑ ያላየውን የፊርማ ዋጋ አይክፈልበት። ዕቃው በእጁ ያለ ሯጭ፣ ተጫዋች ወይም ወራሽ ግን ሥራው ከዚህ ይቀልላል። ሜዳሊያውን፣ የደረት ቁጥሩን፣ ጫማውንና ማልያውን ከየአቅጣጫው ፎቶ ማንሳት፤ የውድድሩን ቀንና ቦታ መጻፍ፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ዕቃውን ይዞ ስለ ዕቃው ሲናገር በቪዲዮ መቅዳት፤ ስጦታ ከሆነ ሰጪውና ተቀባዩ እንዲፈርሙ ማድረግ፤ ውርስ ሲከፋፈል ዕቃው በስሙ እንዲጠቀስ ማድረግ። ይህ ሁሉ ስልክና ወረቀት ብቻ ይጠይቃል። ክለቦችና ፌዴሬሽኖችም ከትልልቅ ጨዋታ በኋላ ማልያ በቁጥርና በማኅተም መዝግበው ቢያስቀምጡ ወይም ቢሸጡ አዲስ የገቢ ምንጭ ያገኛሉ፤ የዓለም አትሌቲክስም ከሯጮች የተለገሱ ዕቃዎችን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በበይነ መረብ ሙዚየሙ ያሳያል።

ኢትዮጵያ በረጅም ርቀት ሩጫ ያላት ታሪክ ብዙ ሀገር ገንዘብ ከፍሎ የሚመኘው ነው። ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ያገኘችው ወርቅ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመበት ሩጫ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ ድሎች የትናንት ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ለመመስከር አሉ። ገበያው ነገ ቢመጣ የሚያተርፈው ዛሬ ማልያ ያከማቸ ሰው ሳይሆን ዛሬ ማስረጃ የያዘ ነው። ገበያው ባይመጣ እንኳን ማስረጃ የያዘው የሚያጣው ነገር የለም፤ ማልያ ያከማቸው ግን ገንዘቡን አጥቷል። በሁለቱም መንገድ የማይከስረው አንዱ ብቻ ስለሆነ ምርጫው ከባድ ሊሆን አይገባም።